በዩኤስቢ የሚሰካ ዲቪዲ ማንበቢያ፦ ይገዛ ወይስ ይቅር?
ጅማ መርካቶ ያሉ የኮምፒውተር ሱቆች የሚሸጡት ስስ ዲቪዲ ማንበቢያ ሥራውን ይሠራል፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ግን ከላፕቶፑ ነው። ገመዱ ሁለት ራስ ካለው ሁለቱንም ይሰኩ፣ በሃብ (አንዱን የዩኤስቢ ቀዳዳ ወደ ብዙ በሚከፍል ማገናኛ) በኩል አይሞክሩት። ጠቅ ጠቅ እያለ ዲስኩን ማንበብ ካቃተው አብዛኛውን ጊዜ ኃይል አንሶታል፣ ካልሆነም ዲስኩ ተጭሯል። ሱቁ ውስጥ እያሉ በራስዎ ዲስክ ይፈትሹት።

በዲስክ ለሚመጣ የፕሪንተር ድራይቨር (ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) እና ለቆየ የሒሳብ ሶፍትዌር ይግዙት። ዊንዶውስ 10ን ለመጫን ግን ብር ማባከን ነው፤ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃል። ሩፈስ በተባለው የመጫኛ ፍላሽ መሥሪያ ፕሮግራም ሲያዘጋጁት ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ፋይልዎን አስቀድመው ሌላ ቦታ ኮፒ ያድርጉ። ፋት32 የተባለው የፍላሽ ፎርማት ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ብዙ ሰው አይኤስኦውን (የዊንዶውስ መጫኛውን የያዘውን ፋይል) በእጅ ሲገለብጥ መሀል ላይ የሚቆምበት ለዚህ ነው። አዲስ ላፕቶፕ ከሆነ ሩፈስ ላይ ጂፒቲ (የዲስክ አከፋፈል ዘዴ) እና ዩኢኤፍአይ (የኮምፒውተሩ ማስነሻ ሥርዓት) ይምረጡ። መብራቱ እንደሁ አይታመንም፣ ባትሪው ሳይሞላ መጫን አይጀምሩ።