«ካርበን ሜጀርስ» ለክስ ዝግጅት ምን ያህል ያገለግላል? የመረጃ ቋቱ ከውስጥ ሲታይ

በአየር ንብረት ለውጥ ለደረሰብኝ ጉዳት የነዳጅ ኩባንያ ይካሰኝ የሚል ሰው ፍርድ ቤት ሲቆም አንድ ጥያቄ አያመልጠውም፦ ጭሱ ከመላው ዓለም የወጣ ነው፤ ታዲያ የዚህ ተከሳሽ ድርሻ ስንት ነው? «ብዙ ነው» የሚል መልስ የትም አያደርስም። ስንት ቶን፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት፣ ከየትኛው ሰነድ ተወስዶ የሚለው መመለስ አለበት። የትልልቅ ነዳጅና ሲሚንቶ አምራቾችን ልቀት በየስማቸው የሚመዘግበው «ካርበን ሜጀርስ» የተባለው የመረጃ ቋት ለዚህ ጥያቄ ቁጥር ይዞ ይቀርባል። ነፃ ነው፣ በቀጥታ ይወርዳል፣ ስሌቱም በግልጽ ተጽፏል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ለተጎጂዎች ጠበቃ በነፃ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ከፊት ገጹ ላይ ያለውን አንድ መቶኛ ቀድቶ አቤቱታ ላይ መለጠፍ ጉዳዩን ያበላሻል፤ ምክንያቱን ከታች እናያለን።

ሥራውን የጀመረው ተመራማሪው ሪቻርድ ሂዲ ነው። መጀመሪያ በወጣው ጥናቱ 90 አምራቾችን ይዞ፣ ከ1751 እስከ 2010 (ዓመታቱም ቀናቱም በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከተለቀቀው የኢንዱስትሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን 63 በመቶውን ወደ እነሱ መልሶ አስልቷል። አሁን የመረጃ ቋቱን የሚያስተዳድረው «ኢንፍሉዌንስ ማፕ» የተባለ የጥናት ተቋም ነው። በ2024 የወጣው እትም 122 አምራቾችን ይዞ ከ1854 እስከ 2022 ድረስ ይዘልቃል፤ ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ ከነዳጅና ከሲሚንቶ ከወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 72 በመቶውን ከእነዚህ ጋር ያያይዛል። ከዚያ ወዲህም አዳዲስ ዓመታት እየተጨመሩበት ነው።

ሲወርድ በሦስት የዝርዝር ደረጃ ይመጣል። ዝቅተኛው ዓመትን፣ የአምራቹን ስምና የባለቤትነት ዓይነት እንዲሁም ጠቅላላ ልቀትን ብቻ የያዘ ነው። መካከለኛው የምርቱን ዓይነት፣ የምርቱን መጠንና መለኪያውን ይጨምራል። ከፍተኛው ደግሞ ልቀቱን ይበትነዋል፦ ምርቱ ሲቃጠል የወጣው ለብቻ፣ በጉድጓድ አፍ ላይ በእሳት የተለኮሰው ጋዝ ለብቻ፣ ወደ አየር የተለቀቀው ለብቻ፣ ኩባንያው ለራሱ ሥራ ያነደደው ለብቻ፣ ሾልኮ የወጣው ሚቴን ለብቻ፤ ከዚያም ቁጥሩ የተወሰደበት ምንጭ። ለክስ የሚሆነው ይህ ሦስተኛው ብቻ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከጠቅላላው ልቀት አብዛኛው፣ ከአሥር ዘጠኝ እጅ ገደማ፣ ኩባንያው ራሱ ያነደደው አይደለም፤ ደንበኛው ገዝቶ ያነደደው ነው። ተከሳሹ «ያቃጠልኩት እኔ አይደለሁም» ብሎ መከራከሩ የማይቀር ነውና ሁለቱን ነጥሎ ማሳየት የማይችል ከሳሽ በመጀመሪያው የችሎት ቀን ይቸገራል።

ሠንጠረዡን ከፍቶ አንድ ቦታ ላይ በቅርብ ማየት ብዙ ያስተምራል። በፊደል ተራ ሲደረደር ከላይ የሚመጣው የአቡ ዳቢ ብሔራዊ ነዳጅ ኩባንያ ነው። በ1962 ረድፍ ላይ ምርቱ 0.9125 ሚሊዮን በርሜል፣ ልቀቱ 0.3639 ሚሊዮን ቶን ይላል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍሉት ለአንድ በርሜል 0.399 ቶን ይወጣል። ይህን ማካፈል በመረጣችሁት ኩባንያ ላይ ለየዓመቱ ሥሩት፤ የድፍድፍ ዘይት ረድፍ ከዚህ ብዙ ከራቀ ወይ መለኪያው ተምታቷል፣ ወይ ሁለት ረድፍ ተደምሯል። አሁን ደግሞ የምርት ቁጥሩን ለ365 አካፍሉት። በ1962 በቀን ልክ 2,500 በርሜል፣ በ1963 ልክ 5,000፣ በ1964 ልክ 20,000 ይመጣል። 1964 ደግሞ 366 ቀን ያለው ዓመት ነበር። ስለዚህ እነዚህ ቁጥሮች በየቀኑ ተለክተው የተደመሩ ሳይሆኑ፣ የተጠጋጋ የቀን አማካይ በ365 ተባዝቶ የተገኙ ናቸው። ስህተት ነው ማለት አይደለም፤ የድሮው መረጃ ከዚህ የተሻለ ላይኖር ይችላል። ግን የተከሳሽ ባለሙያ ይህን ከእናንተ ቀድሞ ካገኘው የተቀረውን ሁሉ ይጠራጠርበታል። እናንተ ቀድማችሁ ጻፉት።

እዚያው ረድፍ ላይ ሌላም ነገር አለ። ኩባንያው የተቋቋመው በ1971 ነው፤ ሠንጠረዡ ግን ከ1962 ጀምሮ በስሙ ይመዘግብለታል። የመረጃ ቋቱ የቀደሙ ባለቤቶችን ምርት ወደ ዛሬው ባለቤት ያሻግራል፤ ኤክሶንና ሞቢል በ1999 ከመዋሃዳቸው በፊት ያመረቱትም «ኤክሶንሞቢል» በሚለው ስም ሥር ይገባል። ለታሪክ ጸሐፊ ይህ ይበቃል። ለጠበቃ ግን የቀድሞው ኩባንያ ዕዳ በሕግ ወደ አዲሱ መተላለፉ ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ በውህደት፣ በንብረት ሽያጭና በመንግሥት ውርስ መካከል ልዩነት አለ። የውህደቱን ውል ሳታዩ የድሮውን ቶን በዛሬው ስም አትደምሩ።

የመደመር ስህተቶችን ባጭሩ እንለፋቸው። የምርት መጠን ዓምዱን በፍጹም ወደ ታች አትደምሩ፤ ዘይቱ በሚሊዮን በርሜል፣ ጋዙ በቢሊዮን ኪዩቢክ ጫማ፣ ከሰሉ በሚሊዮን ቶን ነው። የሚደመረው የልቀት ዓምድ ነው። የባለቤትነት ዓይነት በሦስት ተከፍሏል፦ የባለአክሲዮኖች ኩባንያ፣ የመንግሥት ድርጅት እና አገር ራሱ። ሦስተኛው እንደ ቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ያሉትን ይይዛል፤ ይህን ከኩባንያዎች ዝርዝር ሳያወጣ ደረጃ የሚያወጣ ሰው ሊከሰስ የማይችል ተከሳሽ ከላይ ያስቀምጣል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ያለው ድርሻ ሲሰላ ነው፤ መቶኛ ላይና ታች አለው። ላይኛው ሚቴንን በሚያሞቀው ልክ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተመጣጣኝ ለውጦ የያዘ ሆኖ ታችኛው የዓለም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ከሆነ ድርሻው ያለ አግባብ ያብጣል። ወይ ሁለቱም ሚቴን ይጨምሩ፣ ወይ ሁለቱም ያውጡ። የዓመቱ መነሻም እንዲሁ ውጤቱን ይለውጣል፤ ከ1854 የተነሳ ድርሻና ከ1988 የተነሳ ድርሻ ለአንድ ኩባንያ እጅግ ሊራራቁ ይችላሉ። መነሻውን የምትመርጡት ቁጥሩን አይታችሁ ሳይሆን የክሱን መሠረት አይታችሁ ነው፦ ጉዳዩ ኩባንያው ማወቅ በነበረበት ጊዜ ላይ ከቆመ ከዚያ ዓመት ጀምሩ።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስጨንቅ ለማየት የፔሩው ገበሬ ሳውል ሉሲያኖ ዩያ በጀርመኑ የኃይል ኩባንያ አር ደብልዩ ኢ ላይ በ2015 ያቀረበውን ክስ ተመልከቱ። ቤቱ ሁዋራዝ ከተማ ነው፤ ከላይ ፓልካኮቻ የተባለ የበረዶ ግግር ሐይቅ አለ። የጠየቀው ሐይቁ ሞልቶ ከተማውን በጎርፍ እንዳይመታ የሚሠራው መከላከያ ወጪ እንዲከፈል ሆኖ ሙሉውን ሳይሆን 0.47 በመቶውን ነበር። ወጪው ወደ 3.5 ሚሊዮን ዩሮ ተገምቶ ድርሻው 17 ሺህ ዩሮ አካባቢ መጣ። 0.47 የተገኘው ከሂዲ ጥናት ነው፤ በክርክሩ ሂደት ወደ 0.38 ዝቅ ተደርጓል። የኤሰን ፍርድ ቤት በ2016 ክሱን ጣለው፤ የሃም ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በ2017 ማስረጃ ይሰማ አለ፤ በ2022 ዳኞችና ባለሙያዎች ቦታው ድረስ ሄደው አዩ። ግንቦት 28 ቀን 2025 ክሱ ውድቅ ሆነ። ውድቅ የሆነው ግን በድርሻው ምክንያት አይደለም። ፍርድ ቤቱ ትልቅ በካይ በጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1004 መሠረት በመርህ ደረጃ ሊጠየቅ እንደሚችል ተቀብሏል፤ ክሱን የጣለው በ30 ዓመት ውስጥ ጎርፉ ያንን ቤት የመምታት ዕድሉ አንድ በመቶ ገደማ ነው ብሎ ነው። ማለትም የመረጃ ቋቱ የሚሸከመው የድርሻ ጥያቄ አላስወደቀውም፤ ክሱን ያስወደቀው ጎርፉ ለዚያ ቤት የሚያሰጋ የመሆኑ ማስረጃ መጉደሉ ነው። ያንን ካርበን ሜጀርስ አይሰጥም፤ የበረዶ ግግር፣ የውኃና የተዳፋት ባለሙያ ይጠይቃል።

አንድ ማስታወሻ እዚሁ፦ ስሌቱ ነዳጁን ከመሬት ያወጣውን እንጂ ያነደደውን አይቆጥርም። የኃይል ማመንጫ ኩባንያ በቋቱ ውስጥ የሚገኘው ከሰል አምራችም ከሆነ ነው፤ ከሌላ ገዝቶ ያነደደው ከሰል በሻጩ ስም ነው ያለው። ስለዚህ የኩባንያውን የጭስ ማውጫ ልቀት ከሌላ ምንጭ አምጥታችሁ በዚህ ላይ ከደመራችሁ፣ የራሱን ከሰል ራሱ ያነደደውን ሁለት ጊዜ ቆጠራችሁ ማለት ነው። የመኪና አምራች፣ የመርከብ ድርጅት፣ ባንክ የለበትም። አነስተኛ አምራቾችም የሉበትም።

በአሜሪካ የቨርሞንት ግዛት በ2024 ያወጣችው የአየር ንብረት «ሱፐርፈንድ» ሕግ ለዚህ ቋት የተመቸ ይመስላል፦ ከ1995 መጀመሪያ እስከ 2024 መጨረሻ ከአንድ ቢሊዮን ሜትሪክ ቶን በላይ የሚቆጠርበት ኩባንያ ይክፈል ይላል። ሠንጠረዡ በሚሊዮን ቶን ስለሆነ የምትፈልጉት ድምር ከ1,000 በላይ ነው፤ ቀላል ማጣሪያ ነው። ነገር ግን እስከ 2022 የሚደርስ እትም የያዘ ሰው ሁለት ዓመት ይጎድለዋል፤ በጠርዙ ላይ ያለ ኩባንያ በዚያ ሊያመልጥ ይችላል። ሕጉ ደግሞ ነዳጅ አውጪውን ብቻ ሳይሆን ድፍድፍ አጣሪውንም ይይዛል፤ ማጣሪያ ብቻ ያለው ኩባንያ በዚህ ቋት አይገኝም። ሕጉ ራሱም ፍርድ ቤት ውስጥ እየተሞገተ ነው።

ቋቱ ብዙም የማይጠቅምበት የክስ ዓይነት አለ፤ ሰው ግን እዚያም ላይ ይጭነዋል። የሆኖሉሉ ከተማ በ2020 በነዳጅ ኩባንያዎች ላይ ያቀረበችው ክስ የቆመው ስለ ምርታቸው አደጋ እያወቁ ሕዝቡን አሳስተዋል፣ አላስጠነቀቁም በሚለው ላይ ነው። የሃዋይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 እንዲቀጥል ፈቀደ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በጥር 2025 የኩባንያዎቹን አቤቱታ አላይም አለ። እንዲህ ባለው ክስ ዋናው ማስረጃ የውስጥ ደብዳቤና ማስታወቂያ ነው። ቶን ቆጠራ መጀመሪያ ላይ መምጣቱ እንዲያውም ይጎዳል፤ ተከሳሾች «ይህ የልቀት ቁጥጥር ጉዳይ ነው፣ የፌዴራል እንጂ የግዛት ፍርድ ቤት ጉዳይ አይደለም» ለማለት ይጠቀሙበታል። ካሳ የሚከፋፈልበት ደረጃ ሲደረስ ይውጣ።

ከድርሻ ወደ ጉዳት ለመሻገር ድልድዩ እየተሠራ ነው። ክሪስቶፈር ካላሃንና ጀስቲን ማንኪን በሚያዝያ 2025 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ይህንኑ የልቀት መረጃ ይዘው፣ የ111 አምራቾች ልቀት ባስከተለው ከባድ ሙቀት ከ1991 እስከ 2020 ዓለም ያጣችውን 28 ትሪሊዮን ዶላር ገምተዋል። ለሼቭሮን ብቻ ያስቀመጡት ከ791 ቢሊዮን እስከ 3.6 ትሪሊዮን ዶላር ነው። የዚህን ስፋት ልብ በሉት፤ ዝቅተኛውም ግዙፍ ነው፣ ግን አቤቱታ ላይ ከፍተኛውን ብቻ መጻፍ ለመስቀለኛ ጥያቄ በር ይከፍታል። ጥናቱ የሚለካውም ሙቀትን እንጂ ጎርፍን ወይም የባሕር ከፍታን አይደለም።

ከቋቱ ጎን የምንመክረው በኮሎምቢያ የሕግ ትምህርት ቤት ሳቢን ማዕከል የሚዘጋጀውን የክሶች መዝገብ ነው። እሱም ነፃ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ የአየር ንብረት ክሶችን ከነአቤቱታቸውና ከነብይናቸው ይዟል። በሌላ ቋንቋ የተሰጡ ውሳኔዎች ብዙ ጊዜ ይፋ ካልሆነ ትርጉም ጋር ይቀመጣሉ፤ ለማንበብ ይበቃል፣ ለመጥቀስ ግን ዋናው ጽሑፍ ያስፈልጋል። የምትከሱትን ኩባንያ ስም እዚያ ፈልጋችሁ ቀደም ሲል ያቀረበውን መከላከያ አንብቡ፤ በልቀት ቁጥሩ ላይ የሚያነሳውን ተቃውሞ አስቀድማችሁ ታገኙታላችሁ።

ፋይል ስታደራጁ የወረደውን ሠንጠረዥ ሳትነኩ አስቀምጡት፤ የወረደበትን ቀንና የእትሙን ዓመት አብራችሁ ጻፉ፤ ያለፉ ዓመታት ቁጥር በአዲስ እትም ሊታረም ስለሚችል ከስድስት ወር በኋላ የወረደ ፋይል ከአቤቱታችሁ ጋር ላይገጥም ይችላል። ሥራችሁን በቅጂው ላይ ሥሩ። ከዚያ ለተከሳሹ ከፍተኛ ልቀት ያለባቸውን አሥር ዓመታት ምረጡና የምንጭ ዓምዱ የሚጠቅሰውን ዓመታዊ ሪፖርት ራሱን አግኝታችሁ የምርት ቁጥሩን ከገጹ ጋር አመሳክሩ፤ የራሱ የኩባንያው ፊርማ ያለበትን ቁጥር ተከሳሹ ለመካድ ይከብደዋል።