ሃያ ሁለት ወይስ ሾትጋን? ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ጠመንጃና የጥይቱ ሂሳብ

«ለክፉ ቀን አንድ ጠመንጃ ብቻ ብገዛ የትኛውን ልግዛ?» የሚል ጥያቄ በዚህ ዓመት ከአምስት ወዳጆቼ ቀርቦልኛል። የአራቱ ልብ ጥያቄውን ሳያነሱም በአንድ ተኩስ ብዙ እርሳስ የሚረጨው ሾትጋን ላይ አርፎ ነበር፤ አፈ ሙዙ ሰፊ፣ ድምፁ አስፈሪ፣ ሲይዙትም የሚያኮራ ነው። የእኔ መልስ ግን ለአምስቱም አንድ ነው፦ በእጅ የሚቀባበል፣ ካሊበሩ (የአረሩ ውፍረት) .22 ኢንች የሆነ፣ «ሃያ ሁለት» የሚባለውን ጠመንጃ ግዙ፤ የተረፈውን ገንዘብ ጥይት ላይ አውሉት። ከሁሉ በፊት ፈቃዱን አውጡ። ፈቃዱ ምን ዓይነት መሣሪያና ስንት ጥይት ለመያዝ እንደሚያስችላችሁ ሳታውቁ ዋጋ መጠየቅ ድካም ነው።

እኔም በአንድ ወቅት እንደ እነርሱ አስቤ ነበር። እጀታው ወደ ኋላና ወደ ፊት እየተሳበ የሚቀባበለውን ሾትጋን ልገዛ ስሄድ ሻጩ ሁለት ጠመንጃ ጎን ለጎን አጋደመልኝ። አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ የተመረተው ሬሚንግተን 870 ነው። ሌላው ቅጂው ነበር፤ ከሰደፉ ቅርጽ እስከ ብሎኖቹ ቦታ ድረስ አንድ ይመስላሉ። የዋናውን ዋጋ 100 ብንለው ቅጂው 40 ነበር። ከጀርባ መደርደሪያው ላይ ደግሞ ያገለገለ 870 በ65 ተቀምጧል፤ ሰደፉ የተፋቀ ስለነበር ዓይኔ አልገባም። ቅጂውን ይዤ ወጣሁ።

ስልሳ ጥይት ያህል እንደተኮስኩ፣ ባዶውን ቀለህ ከጥይት ማረፊያው ስቦ የሚያወጣው ጥፍር ተሰበረ። ከትንሽ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ብረት ነው። ስገዛ «የዋናው መለዋወጫ ልክክ ብሎ ይገጥመዋል» ተብዬ ስለነበር የዋናውን ጥፍር በ9 ገዛሁ። ጠጋኙ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ወደ ቦታው ሲገፋው በወረቀት ውፍረት ያህል አልገባ አለ። ሞርዶ አስገባው፤ የእጁን 12 ተቀበለኝ። ከወር በኋላ ጥይቱን ወደ ላይ የሚያነሳው ምላስ ተጣመመ፤ እርሱን ከብረት ቆርጦ ለመሥራት 18 አስከፈለኝ። 40፣ 9፣ 12 እና 18 ሲደመሩ 79 ይሆናሉ። በመጨረሻ ችግሩን ሁሉ ነግሬ ለመለዋወጫ ለሚፈልገው ሰው በ15 ሰጠሁት። የጠፋብኝ 64 ነው፤ አንድ ብቻ ብጨምርበት ያን ሰደፉ የተፋቀውን 870 ይገዛልኝ ነበር።

አሁን ወደ ጥይቱ እንምጣ፤ ክርክሩ የሚያልቀው እዚህ ነው። የአንድ .22 ጥይትን ዋጋ 1 ብዬ በያዝኩት መዝገብ መሠረት፣ ደቃቅ እርሳስ የታጨቀበት ባለ 12 ጌጅ (ጌጅ የበርሜል ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ስፋቱ ይጠባል) የሾትጋን ጥይት ከ4 እስከ 6 ያወጣል። ትልልቅ እርሳስ ወይም አንድ ወፍራም አረር ያለበት ከ10 ይበልጣል። ስለዚህ 500 የሾትጋን ጥይት በሚገዛ ገንዘብ 2,500 ያህል የ.22 ጥይት ይገኛል። ተኩስ ደግሞ በልምምድ የሚመጣ ነገር ነው። የሾትጋን ጥይት ስለሚወደድ ሃያ ተኩሶ ጠመንጃውን የሰቀለ ሰው አውቃለሁ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ አውርዶት እንዴት እንደሚጎረስ ረስቶታል።

ክብደቱንም አስቡት። 500 የ.22 ጥይት ያለበት ካርቶን 1.7 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በአንድ እጅ ይነሳል። ያንኑ ያህል ለትልቅ እንስሳ አደን የሚሆነው የ.308 ጥይት 12 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ባለ 12 ጌጁ ከ20 ኪሎ ግራም ያልፋል። ቤት ለቆ መሄድ ግድ በሆነበት ቀን ይህ ሁሉ በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ አሁኑኑ መታሰብ አለበት። ሾትጋን ትከሻ ይመታል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ምላጭ የሚስብ ጀማሪ የሚበዛውም በዚህ ጠመንጃ ነው። ሃያ ሁለት ግን የሚሰማ ግፊት የለውም፤ ከቤተሰቡ አቅመ ደካማው ሰው ሳይቀር ተረጋግቶ ኢላማ ይመታበታል።

ሾትጋን ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የምትበር ወፍ ለመምታት የሚስተካከለው የለም። ነገር ግን በደቃቅ እርሳስ ከ35 ሜትር ወዲያ ብዙ አትጠብቁበት፤ በሃያ ሁለት 50 ሜትር ላይ የተቀመጠች ጥንቸል በአንድ ጥይት ትወድቃለች። አንድ አደጋም ልንገራችሁ። ባለ 20 ጌጅ ጥይት ባለ 12 ጌጅ ጠመንጃ ውስጥ ከገባ ወደ ፊት ተንሸራቶ በርሜሉ ውስጥ ይሰነቀራል። ተኳሹ «አልጎረስኩም» ብሎ 12 ጌጁን ከኋላው ቢጨምርና ቢተኩስ በርሜሉ ይፈነዳል። የ20 ጌጅ ጥይቶች ቀለማቸው ቢጫ የሆነው ሰው እንዲለያቸው ነው። ሁለቱን በአንድ ሳጥን፣ በአንድ ኪስም አታስቀምጡ።

የሃያ ሁለትንም ጉድለት አልደብቅም፤ ጥይቱ ይከሽፋል። በትልልቅ ጥይቶች ባሩዱን የሚለኩሰው ተቀጣጣይ ከቀለሁ ቂጥ መካከል ለብቻው የተቀመጠ ነው። በ.22 ጥይት ግን በጠርዙ ውስጥ ዙሪያውን የተቀባ ነው፤ አንዱ ጎን በቂ ካልደረሰውና ጥይቱን የሚመታው የጠመንጃው መርፌ እዚያ ላይ ካረፈ ቃ ብሎ ይቀራል። ከሸፈ ብላችሁ ቶሎ አትክፈቱት፤ አፈ ሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አድርጋችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁ፤ አንዳንዱ ዘግይቶ ይተኩሳል። የተተኮሰ ቀለሁም ዳግም ተሞልቶ አያገለግልም።

ሁለት ዓይነት ጥይት ገዝቼ እያንዳንዱን ቆጥሬአለሁ። ከርካሹ 500 ውስጥ 14 ከሸፉ፤ ከተሻለው 3። ርካሹ በዋጋ ከመቶ 12 ይቀንሳል። የከሸፉትን ቀንሼ የአንድ ተኩስ ዋጋ ሳወጣ አሁንም ርካሹ ያተርፋል። ስለዚህ ለልምምድ እርሱን እገዛለሁ፤ ለክፉ ቀን የማሽገው ግን የተሻለውን ብቻ ነው። ቆርቆሮ ሳጥን፣ ክዳኑ ላይ ደህና ጎማ፣ ውስጡ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት፣ ከዚያም ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይበቃዋል። ጥይት ላይ ዘይት አይቀባም፤ ሰርጎ ተቀጣጣዩን ይገድለዋል።

አረሩ ትንሽ ነው ብላችሁም አትዘናጉ። ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ከውሃና ከድንጋይ ላይም ነጥሮ ይመለሳል።

በራሱ የሚቀባበለውን .22 የሚመርጡ አሉ። ሩገር 10/22 እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ገበያ ላይ ስላለ መለዋወጫው ብዙ ነው፤ በዚህ አላማውም። ችግሩ ጥይት የሚታጨቅባቸው ቅጂ ካዝናዎች ናቸው። ከዋናው ካዝና በግማሽ ዋጋ ሦስት ገዝቼ የሁለቱ ሞላ በአንድ ወቅት ውስጥ ላላ፤ ጥይቱን ወደ ላይ ስለማይገፋ ጠመንጃው ባዶ ያቀባብላል። ደካማ ባሩድ ያለው ጥይትም ይህን ዓይነቱን ጠመንጃ አያቀባብለውም። በእጅ የሚቀባበለው ግን ኃይሉ ከእጃችሁ ስለሚመጣ ያገኘውን ይተኩሳል፤ እጥረት በሚሆንበት ቀን ልዩነቱ ይህ ነው። እጥረት ይመጣል ስል ከባዶ ሜዳ ተነስቼ አይደለም፤ አሜሪካን በመሰለ የጥይት አገር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2013 የ.22 ጥይት ከመደርደሪያ ጠፍቶ ሰው በራሽን ይገዛ ነበር። በየወሩ አንድ ካርቶን የሚያስቀምጥ ሰው በዚያን ጊዜ ሰልፍ አይቆምም።

ስለ .308 እና መሰሎቹ አጭር ነገር ልበል፦ ትልቅ እንስሳ በሚታደንበት ቦታ ካልኖራችሁ በቀር ለመጀመሪያ ጠመንጃ አይሆኑም፤ ዋጋቸው በ.22 ሂሳብ 10 ነው። የድሮ የወታደር ጥይት ረክሶ ሲቀርብላችሁ ደግሞ ሁለት ጊዜ አስቡ። የብዙዎቹ ተቀጣጣይ ሲቃጠል በርሜሉ ውስጥ እርጥበት የሚስብ ጨው ይተዋል። ዘይት ብቻውን አያወጣውም፤ መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ይቀባል። ይህን ሳያውቅ አንድ ሳምንት ያቆየውን የአንድ ወዳጄን በርሜል አይቼዋለሁ፤ ውስጡ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተቦርቡሯል።

ያገለገለ ሃያ ሁለት ስትገዙ መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፤ ከዚያ ቦልቱን (ለማቀባበል የሚሳበውን ብረት) አውጥታችሁ በባትሪ መብራት ከኋላ ወደ በርሜሉ ተመልከቱ። መሃል ላይ ጥቁር ቀለበት ካያችሁ በርሜሉ አብጧል፤ ዋጋው ወደ ሩብ ቢወርድም ተዉት። ቀጥሎ የጥይት ማረፊያውን አፍ በጥፍራችሁ ዳስሱ። ጥይት ሳይኖርበት ደጋግሞ ምላጭ የተሳበበት ከሆነ መርፌው ጠርዙን ፈልፍሎት ጎርበጥ ይላል፤ ቀለህ እየያዘ ያስቸግራችኋል። የሰደፍ መፋቅ ግን ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ዋጋ ለማስቀነስ ጠቅሱት።

ባለፈው ሳምንት አምስተኛው ወዳጄ «እጄ ላይ ያለውን ገንዘብ እንዴት ላውጣው?» ሲለኝ ሙሉውን 100 ብዬ እንዲህ ከፋፈልኩለት፦ 55 ላገለገለ ግን ደህና ለሆነ በእጅ የሚቀባበል .22፣ 20 ለጥይት፣ 10 ለሚቆለፍ ሣጥን፤ ጥይቱ ለብቻው ሌላ ቦታ ተቆልፎ ይቀመጣል። 5 ለማጽጃ ዘንግ፣ ብሩሽና ዘይት። የቀረውን 10 በዚያው ቀን፣ ከዚያው ሱቅ፣ አንድ መለዋወጫ መርፌና አንድ ጥፍር ገዝቶበት እዚያው ቆሞ ጠመንጃው ላይ ሲገጥሙ እንዲሞክራቸው ነገርኩት።