ሞተር ሳይክልን ዝቅ ማድረግና የጎን ስታንዱን ማስተካከል፦ የትኛው መንገድ ለማን ይስማማል?

እግራቸው መሬቱን በደንብ የማይረግጥላቸው አሽከርካሪዎች ሞተራቸውን ዝቅ ለማስደረግ ሲያስቡ በአብዛኛው የሚያወዳድሩት የዕቃውን ዋጋና የሚቀነሰውን ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሞተሩ ዝቅ ሲል ስታንዱ በነበረበት ርዝመት ስለሚቀር፣ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ይቆም የነበረው ሞተር ቀጥ ይልና በትንሽ ግፊት ወደ ቀኝ ሊወድቅ ይችላል። ይህን የማውቀው ከራሴ ኪሳራ ነው፤ ኋላውን 30 ሚሊ ሜትር ዝቅ አስደርጌ የስታንዱን ነገር ለሌላ ጊዜ ባቆየሁበት ሳምንት፣ ወደ ቀኝ በጥቂቱ ባዘቀዘቀ መሬት ላይ ያቆምሁት ሞተር ገና ጓንቴን ሳላወልቅ ተገልብጦ የፊት ፍሬን እጀታውንና የቀኝ መስታወቱን ሰበረ። ስለዚህ እዚህ እያንዳንዱን አማራጭ የምመዝነው ቁመቱን በምን ያህል እንደሚቀንስና ስታንዱን ምን እንደሚያደርገው አብሬ በማየት ነው።

የጎደለው ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ብቻ ለሆነ ሰው የመቀመጫውን ስፖንጅ ማስጠረብ ወይም ዝቅ ያለ መቀመጫ መግዛት ከሁሉ የተሻለ ነው። አሞርዛተሩ፣ ከሆዱ በታች ያለው ክፍተትና ስታንዱ እንደነበሩ ይቆያሉ። ከውፍረቱ ይልቅ የመቀመጫው የፊት ጎኖች ሲጠቡ የሚገኘው ጥቅም ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ ጭኑ ወደ ውጭ ስለማይገፋ እግሩ በቀጥታ ወደ መሬት ይወርዳልና። ጉድለቱ ረጅም መንገድ ላይ ይታያል፦ የሳሳ ስፖንጅ ቶሎ ይደድራል፣ ጉልበትም የበለጠ ይታጠፋል።

ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው የኋላ አሞርዛተሩን ከጎማው ክንድ ጋር የሚያያይዘውን ሊንክ የሚባል ማገናኛ ብረት ከመቀየርና ራሱን አሞርዛተሩን ከማሳጠር መካከል ይመርጣል። ረዘም ያለ ሊንክ ርካሽ ነው፤ በአንድ ከሰዓት ይገጠማል፣ ካልተስማማም የቀድሞው ይመለሳል፤ በተለምዶም ከ25 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያደርጋል። ነገር ግን የአሞርዛተሩን እርምጃ፣ ማለትም ከላይ እስከ ታች የሚንቀሳቀስበትን ርቀት፣ አያሳጥረውም፤ ጎማው ከላይም ከታችም የሚደርስበትን ጫፍ ወደ ላይ ያዛውረዋል እንጂ። በመሆኑም ሰው ጭኖ ጉድጓድ ሲመታ ጎማው ፓራፋንጎውን ሊነካ ይችላል። ሻጩ የሚጠቅሰው ሚሊ ሜትር ስለዚህ የሚናገረው ነገር የለም፤ ሞላውን አስወጥቶ ጎማውን እስከ መጨረሻው በማንሳት ማየት ያስፈልጋል። ሁለት የኋላ አሞርዛተር ባላቸው ሞተሮችና እንደ ኬቲኤም ፒዲኤስ የሚባለው አሠራር አሞርዛተሩ በቀጥታ ከጎማው ክንድ ጋር በሚታሰርባቸው ላይ ደግሞ ሊንክ ስለሌለ ይህ ምርጫ ከመነሻው የለም።

አሞርዛተሩን ከውስጥ ማሳጠር ወይም አጭሩን መግዛት በጣም ውድ ቢሆንም የጎማውን የላይኛ ገደብ አይነካም። እርምጃው ስለሚያጥር ግን ጠንከር ያለ ሞላ ይጠይቃል፤ ያለዚያ አሞርዛተሩ በየጉድጓዱ እርምጃውን ጨርሶ መጨረሻውን ይመታል። ሁልጊዜ ሰው ወይም ዕቃ ለሚጭን፣ ሞተሩንም ለዓመታት ሊይዘው ላሰበ ሰው ከሊንክ ይልቅ ይህንን እመርጥለታለሁ። ሞላውን በማላላት ብቻ ዝቅ ማድረግ ምንም ባያስከፍልም እንደ መፍትሔ አልቆጥረውም፤ አሽከርካሪው ሲቀመጥ ከጠቅላላው እርምጃ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ከወረደ ለጉድጓድ የሚቀረው ጥቂት ነው።

ኋላው ብቻ ዝቅ ሲል መሪው ይከብዳል፣ የፊት መብራቱም ወደ ላይ ያያል። ለዚህም የፊት አሞርዛተር ቱቦዎችን በማሰሪያቸው ውስጥ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ማንሸራተት ይበጃል፤ የፊት ጎማውም ሙሉ በሙሉ ሲገባ ራዲያተሩን አለመንካቱ መረጋገጥ አለበት።

ስታንዱን በተመለከተ ሦስት ምርጫዎች አሉ። ርዝመቱ በቡሎን የሚስተካከል ስታንድ ዝቅታው ገና ላልተወሰነለት ሰው ምቹ ነው፤ ሆኖም መገጣጠሚያው በጊዜ ብዛት መላወስ ስለሚጀምር ከመግዛት በፊት በእጅ ወዝውዞ ማየት ይገባል። አስቆርጦ ማስበየድ የበለጠ ጠንካራና ርካሽ ነው፤ ስታንዱ አሉሚኒየም ከሆነ ግን በአርጎን የሚበይድ ባለሙያ ይጠይቃል። ከፋብሪካው ለዝቅተኛው ሞዴል የተሠራ አጭር ስታንድ ከተገኘ ከሁለቱም ይቀድማል።

ምን ያህል እንደሚቆረጥ በግምት መወሰን አያስፈልግም። ዝቅ የማድረጉ ሥራ ካለቀ በኋላ እኩል ውፍረት ያላቸውን ጣውላዎች ከሁለቱም ጎማዎች ሥር ማስገባትና ስታንዱን መሬት ላይ አቁሞ፣ ሞተሩ ወደ ቀድሞው ዝንባሌ እስኪመለስ ድረስ መደራረብ ነው። የጣውላው ውፍረት መልሱን ይሰጣል፤ ስታንዱ ሰያፍ ስለሚቆም የሚቆረጠው ከዚያ ትንሽ ይበልጣል፣ ለ20 ሚሊ ሜትር 22 ያህል ማለት ነው። ኋላው 30 ሲወርድ ስታንዱ የታሰረበት መሃል አካባቢ የሚወርደው 15 ገደማ በመሆኑ፣ ሰላሳውን ሙሉ ያስቆረጠ ሰው ከልክ በላይ የሚያጋድል ሞተር ይተርፈዋል።

ከስታንዱ እግር ሥር የሚታሰረው ሰፊ ሳህን ብዙ ጊዜ ለዚሁ ችግር መፍትሔ ተብሎ ይሸጣል፤ እኔ ግን ሌላ ዕቃ ነው እላለሁ። የሚረግጠው ስፋት እጥፍ ሲሆን መሬቱ ላይ የሚያርፈው ጫና በግማሽ ስለሚቀንስ በአሸዋ፣ በጭቃና ፀሐይ ባለሰለሰው አስፋልት ላይ ስታንዱን ከመስመጥ ያድነዋል። ዝቅ በተደረገ ሞተር ላይ ግን የሳህኑ ውፍረት ስታንዱን ጭራሽ ስለሚያስረዝመው፣ ከቆረጣው በፊት ገዝቶ ጣውላው ሲለካ እዚያው ታስሮ መገኘት አለበት።