ፋኖስ ይዞ የሚወጣው የማቋረጫ ጠባቂ፦ ድሬዳዋ ላይ ተክዬ ያየሁት

አሜሪካ የምትኖረው እኅቴ የላከችልኝ ላዮኔል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው ያገለገለ የአሻንጉሊት ባቡር በሳሎናችን ጥግ፣ በሁለት ኮምፔንሳቶ ላይ ከተዘረጋ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው። እዚህ የምገመግመው ባቡሩን ሳይሆን ከእርሱ ጋር የመጣውን አንድ ዕቃ ነው፤ ይኸውም ባቡር ሲቃረብ የጎጆውን በር ከፍቶ ፋኖሱን እንደያዘ ብቅ የሚለው፣ ባቡሩ ሲያልፍ ተመልሶ የሚገባው የማቋረጫ፣ ማለትም የመኪና መንገድ ሐዲዱን የሚሻገርበት ቦታ፣ ጠባቂ አሻንጉሊት ነው። ኩባንያው ይህንን ጎጆ በ145 ቁጥር ለገበያ ያቀረበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 ነው። ከዚያ ወዲህ ሥልቱ ምን ያህል እንዳልተበላሸ ሳይ እደነቃለሁ፤ ያስለቀሰኝ ሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ የገጠመኝ ችግር የመጣው ከሶኬቱ ነበር። የባቡሩ መቆጣጠሪያ ትራንስፎርመር የተሠራው ለአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ሲሆን የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ቮልቱን ወደ 110 የሚያወርድ ዕቃ ገዝቶ መሰካት ብቻ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ኸርዙ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት፣ ግን ባለበት ስለሚቀር የትራንስፎርመሩ ብረት ከተሠራለት መጠን በላይ ማግኔት ይሸከማል፤ ስለዚህ ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ የድሬዳዋ የግንቦት ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ እጅ አያስነካም። መላውን ያገኙልኝ ከዚራ በሚባለው የከተማችን ሠፈር ውስጥ ሞተር የሚጠቀልሉ ባለሙያ ናቸው፤ 60ው ወደ 50 በወረደበት ልክ 120ውም ወደ 100 መውረድ አለበት ብለው በትክክል 100 ቮልት የሚያወጣ ማውረጃ ጠቀለሉልኝ። 14 ቮልት ይሰጥ የነበረው ማውጫ አሁን ወደ 12 ግድም ይሰጣል፤ ጠባቂውን የሚስበው ጥቅል ሽቦም በ50 ኸርዝ አነስ ያለ ቮልት ስለሚበቃው ያለ ችግር ይሠራል። ሥራቸው ንጹሕ፣ ዋጋቸውም የማያስቀይም ነበርና ተመሳሳይ ዕቃ ያለው ሰው አስቀድሞ እንደ እርሳቸው ያለ ባለሙያ ቢያማክር ይጠቀማል።

ዋናው ጣጣ ያለው ከሐዲዱ ሥር ነው። ጠባቂውን የሚያዝዘው ከሐዲዱ በታች የሚገባ ትንሽ የመጫኛ ማብሪያ ነው፤ የባቡሩ ክብደት ሐዲዱን ጥቂት ዝቅ ሲያደርገው ሁለት ቆርቆሮዎች ይነካካሉ፣ ባቡሩ ሲያልፍ ሞላው መልሶ ያላቅቃቸዋል። የሞላውን ጥንካሬ የምትወስነው በጣት የምትዞር አንዲት ዳዶ ናት። ስትላላ ባቡር ሳይኖር ጠባቂው ደጅ ቆሞ ይቀራል፤ ስትጠብቅ ደግሞ ሎኮሞቲቩ ራሱ አልፎባት ጠባቂው ከጎጆው አይወጣም። እኔ ሦስት ምሽት በካቻቢቴና በፒንሳ ስታገል ከቆየሁ በኋላ ጥፋቱ የራሴ ሆኖ ተገኘ፤ ሐዲዱን ከኮምፔንሳቶው ጋር በብሎን አጥብቄ ስላሰርኩት ዝቅ ማለት ተስኖት ነበር። በማብሪያው ግራና ቀኝ ያሉትን ብሎኖች ፈትቼ ዳዶዋን በሩብ ዙር፣ በሩብ ዙር እያላላሁ ሞከርኩ፤ ጠባቂው በአራተኛው ሙከራ ወጣ።

ሆኖም ሎኮሞቲቩ ከባድ፣ ባዶ ፉርጎዎቹ ደግሞ ቀላል በመሆናቸው፣ ጠባቂው ለሎኮሞቲቩ ወጥቶ በየፉርጎው መሀል ወጣ ገባ ይል ጀመር። ከምድር ባቡር በጡረታ የተገለሉ ጎረቤታችን ይህን ሲያዩ ከሣቁ በኋላ፣ «ልጄ፣ ጠባቂ እኮ ባቡሩ ሳይደርስ ነው የሚወጣው፤ የአንተው ባቡሩ ካለፈ በኋላ ነው የነቃው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ማብሪያውን ወደ ኋላ ባርቀው ቀድሞ ይወጣል፣ ነገር ግን የባቡሩ ጭራ ማቋረጫው ላይ ሳይደርስ ይገባል፤ በአንድ ነጥብ ላይ የሚጫን ማብሪያ ይህን ሊፈታ አይችልም።

ስለዚህ ማብሪያውን ትቼ ሐዲዱን ራሱን ማብሪያ አደረግሁት። ይህ ሐዲድ ሦስት ብረት ያለው ነው፤ ኤሌክትሪኩ በመካከለኛው ይገባል፣ በሁለቱ የዳር ብረቶች ይመለሳል። ማቋረጫውን መካከል ባደረጉ ሦስት ተከታታይ የሐዲድ ቁራጮች ላይ አንደኛውን የዳር ብረት ከሥሩ ከሚሸከሙት አግዳሚዎች አላቅቄ፣ ከጫማ ካርቶን የቆረጥኩትን ስስ ልባስ ከሥሩ አስገባሁ፤ በሁለቱ ጫፎችም የብረት መገጣጠሚያውን በፕላስቲክ ተካሁ። የጠባቂው መመለሻ ሽቦ የታሰረው በዚህ በተነጠለው ብረት ላይ ነው፤ የብረት መንኮራኩሮች በላዩ ሲሄዱ ሁለቱን የዳር ብረቶች ያገናኛሉ፣ ክብደትም አያስፈልግም። ጠባቂው አሁን አስቀድሞ ይወጣል፤ የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍም ይቆያል። አልፎ አልፎ ቢንቀጠቀጥ ምክንያቱ የእኛ አቧራ ስለሆነ፣ መንኮራኩሩንና ሐዲዱን በአልኮል በረጠበ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ባቡሩን እዚያ ክፍል ላይ አቁሞ ቡና ለመጠጣት መሄድ ግን ጥቅል ሽቦውን ያቃጥላል።

ስለ ጎጆው ራሱ የምለው ጥቂት ነው። በሩ የሚያዘው አሮጌ ቅባት ሲደርቅ፣ ወይም ከሥሩ ያለው ቆርቆሮ በብሎን ከልክ በላይ ተጠብቆ ሲጣመም ነው። በጥቅል ሽቦው ውስጥ የሚንሸራተተው ብረት ላይ ዘይት ማድረግ አቧራ መጥራት ስለሆነ በደረቁ አጽድቶ መመለስ ይሻላል። ያገለገለ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከመክፈሉ በፊት ጥቅል ሽቦው እንዳልተበጠሰ በቴስተር ያረጋግጥ።

ዕቃውን እወደዋለሁ፤ ትዕግሥት ለሌለው ሰው ግን አልመክርም። ጎረቤታችን ሥራው ባለፈው ሳምንት ሲጠናቀቅ መጥተው፣ ጠባቂው በሰዓቱ መውጣቱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ፋኖሱ ጠቆሙ። ፋኖሱ ቀይ ነው፤ ጎጆውንም የተከልኩት ፊቱን ወደሚመጣው ባቡር አዙሬ ነበር። «ለባቡሩ ቀይ ካሳየህማ ባቡሩ ይቆማል እንጂ መኪናው አይደለም» አሉ። ሽቦዎቹን ሁሉ ፈትቼ ጎጆውን ወደ መንገዱ አዞርኩት።