ለረጅም ርቀት ዒላማ፦ 223፣ 22-250 ወይስ 22 ክሪድሙር?

ሦስቱም የጠብመንጃ ጥይት ዓይነቶች ናቸው፤ የአረራቸው ውፍረትም አንድ ነው፤ 5.7 ሚሊሜትር። የሚለያዩት ቀለሁ በሚይዘው ባሩድና በርሜሉ አረሩን በሚያሾርበት መጠን ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት ገዢን ይማርካል፤ ከ400 ሜትር ወዲያ ግን የአረሩ ክብደትና ቅርጽ ይበልጣል።

22-250 ሬሚንግተን 55 ግሬን (3.6 ግራም) አረር በሰከንድ 1120 ሜትር ገደማ ይተኩሳል። እስከ 300 ሜትር ድረስ ግሩም ነው። ከዚያ በላይ ቀላሉን አረር ንፋስ ይጫወትበታል። ከባድ አረር እንዳይጎርስ ደግሞ የተለመደው በርሜሉ በ14 ኢንች አንዴ ብቻ ስለሚያሾር 80 ግሬን አረር አየር ላይ ይንገዳገዳል፤ ወረቀቱ ላይ ሞላላ ቀዳዳ ካዩ ምክንያቱ ይኸው ነው።

223 ሬሚንግተን በ8 ኢንች አንዴ በሚያሾር በርሜል 75 ግሬን ረጅም አረር በሰከንድ 850 ሜትር ገደማ ይልካል። ሲነሣ ቀርፋፋ ቢሆንም በ500 ሜትር ላይ ንፋስ የሚገፋው ከ22-250ው 55 ግሬን ያነሰ ነው። ይበልጥ ይወርዳል፤ የሚወርደው መጠን ግን አስቀድሞ ተሰልቶ በማነጣጠሪያው መነጽር ይስተካከላል፣ ንፋስ ግን ሁልጊዜ ግምት ነው። 80 ግሬን ሲሆን ጥይቱ ስለሚረዝም ካዝና ውስጥ አይገባም፤ አንድ በአንድ ይጎረሳል። በርሜሉ ላይ 223 ብቻ ከተጻፈ 5.56 ናቶ የተባለውን የጦር ሠራዊት ጥይት አያጉርሱ፤ ግፊቱ ከልክ ሊያልፍ ይችላል።

22 ክሪድሙር 80 ግሬኑን በሰከንድ 1000 ሜትር አካባቢ ይተኩሳል፤ ከ600 ሜትር በላይ ሁለቱን ይበልጣል። ዋጋው የሚከፈለው በበርሜል ነው። 223 ወደ 25 ግሬን ባሩድ ሲያቃጥል ይህ ወደ 40 ግሬን የሚጠጋውን በዚያው ጠባብ ቀዳዳ ያሳልፋል። ስለዚህ የ223 በርሜል 5000 ጥይት ሲዘልቅ የክሪድሙርና የ22-250 በርሜል 2000 አካባቢ ላይ ሊዳከም ይችላል። በተከታታይ ከ5 በላይ አለመተኮስና እጅ እስኪያስችል ማቀዝቀዝ ዕድሜውን ያራዝማል።

ብዙ ለሚለማመድ ሰው ምርጫችን 223 ነው።

ያገለገለ ጠብመንጃ ሲገዙ ሹረቱን ይለኩ። የጽዳት ዘንጉ ላይ ጠበቅ ያለ ጨርቅ ያድርጉ፣ ዘንጉ ላይ ምልክት ይስሩ፣ ምልክቱ አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር ይግፉ። የተጓዘው ርዝመት ሹረቱ ነው። እጀታው በነፃ የማይዞር ዘንግ ግን የተሳሳተ ልኬት ይሰጣል።