«በሸማኔ እጅ የተሠራ» የሚባለውን የጎንደር መታሰቢያ አልጋ ልብስ ከመግዛታችሁ በፊት

ጥምቀት ሲቃረብ በቴሌግራምና በፌስቡክ አንድ የአልጋ ልብስ ሲዞር ልታዩ ትችላላችሁ። መሐሉ ላይ የፋሲል ግንብ አለ። ዙሪያውን ጥምቀተ ባሕሩ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴና ቁስቋም። ማስታወቂያው «የጎንደር ቅርስ መታሰቢያ፣ መቶ በመቶ ጥጥ፣ በሸማኔ እጅ የተሠራ፣ ጥቂት ፍሬ ብቻ ቀርቷል» ይላል። ዋጋው ከጥሩ ጋቢ ይበልጣል። እባካችሁ ዕቃውን በእጃችሁ ሳትነኩ ብር እንዳትልኩ።

አክስቴ የጎንደር ልጅ ናት። ዋሽንግተን ለምትኖረው ልጇ የሠርግ ስጦታ እንዲሆን ብላ አዘዘች። ሙሉ ክፍያውን አስቀድመው በባንክ አስገቡ አሏት፣ አስገባች። ዕቃው በሞተረኛ መጣ። ፌስታሉ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣው የላስቲክ ሽታ ነው። ጨርቁ ያብለጨልጫል፣ ሲነካም እጅ ላይ ይጣበቃል። ገልብጠን ጀርባውን ስናየው ነጭ ነው። ሥዕል የሚባል ነገር የለበትም። እንግዲህ ይሄ ሽመና ሳይሆን ፖሊስተር ላይ የታተመ ፎቶ ነው። ዳር ዳሩን የከበበው ጥበብ እንኳ ሳይቀር ሕትመት ነው።

እኔን ከሁሉ ያበሳጨኝ ግን ሥዕሉ ራሱ ነው። አንደኛው ማዕዘን ላይ ቤተ ጊዮርጊስ ተቀምጧል። ቤተ ጊዮርጊስ ላሊበላ ነው ያለው! ከግንቡ ሥር ደግሞ «ጎንደር፣ የተመሠረተችው 1979» ተብሎ ተጽፏል። አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 እ.ኤ.አ. ነው። 1979 እ.ኤ.አ. ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበበት ዓመት ነው። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ያየ ሰው የእነዚያን መላእክት ዓይን አይረሳውም። ትልልቅ ናቸው፣ የትም ብትቆሙ የሚያዩአችሁ ይመስላሉ። እዚህ ጨርቅ ላይ ግን ፊታቸው ተድበስብሶ ዓይን የሚባል የላቸውም። ከኢንተርኔት የተወሰደ ትንሽ ፎቶ ተለጥጦ የታተመ ይመስላል። የጎንደርን ስም ይዞ የሚሸጥ ሰው ይህችን እንኳ አያጣራም?

አክስቴ ስትደውል ሻጩ «የእጅ ሥራ ስለሆነ ትንሽ ልዩነት ይኖረዋል» አላት። ብሬን መልሱልኝ ስትል ብሎክ አደረጋት።

አሁን እንዴት እንደምትለዩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ስፋቱን እዩ። በባህላዊው የሽመና ዕቃ የሚሠራ ሸማኔ ክር የያዘውን መወርወሪያ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚያቀብለው፣ ስለዚህ የጨርቁ ስፋት ክንዱ ከሚደርስበት አያልፍም። ጋቢ መሐሉ ላይ መጋጠሚያ ያለው ለዚህ ነው። ድርብ አልጋ የሚሸፍን፣ መጋጠሚያ የሌለው ጨርቅ አሳይተው «ሽሮ ሜዳ በባህላዊ ዕቃ የተሠራ» ካሏችሁ ጠርጥሩ። ሥዕሉም ይናገራል። ጥበብ የሚወጣው የድሩን ክር እየቆጠሩ በማንሳት ነው። ስለዚህ ሸማኔ ግንብ ልሥራ ቢል የጉልላቱ ክብ ደረጃ ደረጃ እየሠራ ይመጣል። ደመናና የፀሐይ ጥላ ያለበት፣ እንደ ፎቶ የጠራ ግንብ ካያችሁ ከእንዲህ ያለ የሽመና ዕቃ አልወጣም።

በማሽን የተሸመነ ሥዕል ግን አለ፣ ይህን ማለት አለብኝ። ጃካርድ የሚባለው የሽመና ዘዴ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ያለ ነው። በደንብ ከተሠራ ያምራል፣ እኔም ደስ ብሎኝ እገዛዋለሁ። እሱን ስትገለብጡት ብዙውን ጊዜ ያው ሥዕል ጀርባው ላይ በተገለበጠ ቀለም ይታያል፣ ፊት ላይ ጠቆር ያለው ጀርባ ላይ ነጣ ብሎ። ስለዚህ ሻጩን የጀርባውን ቪዲዮ ላክልኝ በሉት። ሰበብ ካበዛ ተዉት።

ዕቃው እጃችሁ ከገባ ደግሞ ከጫፉ አንድ ክር ምዘዙና ከጨርቁ ራቅ አድርጋችሁ በክብሪት አቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ለስላሳና ግራጫ ነው። ፖሊስተር ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። የአክስቴ ክር ፍሬ ሆኖ ነው የቀረው።

ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ክር የሚቆጥር ሸማኔ አለ። ሥራውን ሊሸጥ ሲወጣ «ይሄማ በቴሌግራም አለ» ይሉታል። በእሱ ስም ፕላስቲክ መሸጥ ከአክስቴ ብር በተጨማሪ የእሱንም እንጀራ መንጠቅ ነው።

ቀድሞ የከፈላችሁ ካላችሁ ማስታወቂያውን፣ የተጻጻፋችሁትንና የባንክ ደረሰኙን ዛሬውኑ ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ብሎክ ሲያደርጓችሁ ቻቱንም ሊያጠፉት ይችላሉ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ፖሊስተሩን «መቶ በመቶ ጥጥ» ብሎ መሸጥ ይህን መጣስ ነው። ማስረጃችሁን ይዛችሁ ወደ ንግድ ቢሮ ሂዱ። እኛም ከአክስቴ ጋር የምንሄደው ወደዚያው ነው። ያላዘዛችሁ ደግሞ ዕቃው ሲመጣ አይታችሁ፣ ገልብጣችሁ፣ ከዚያ ክፈሉ። በዚህ የማይስማማ ሻጭ ካጋጠማችሁ ይቅርባችሁ።