ኤችኤምኤምኤል ሪዲንግ ሩም፦ ሀብቱ ሞልቷል፣ መግቢያው ነው የሚቸግረው

የታሪክ ወይ የግዕዝ አስተማሪ ከሆናችሁና ከመማሪያ መጽሐፉ ውጪ ለተማሪ የምታሳዩት ነገር ካጣችሁ ይሄን ሳይት ሞክሩት። ሚኒሶታ (አሜሪካ) ያለው የሂል ሙዚየምና ማኑስክሪፕት ላይብረሪ የቆዩ የእጅ ጽሑፎችን ምስል የሚያሳይበት ነው፣ ነጻ ነው፣ ምስሎቹን ለማየት ግን አካውንት መክፈት አለባችሁ።

እኔ የምጠቀመው በተለይ ኢኤምኤምኤል (የኢትዮጵያ ማኑስክሪፕት ማይክሮፊልም ላይብረሪ) የሚባለውን ክፍል ነው። ከ1973 ጀምሮ (በፈረንጅ ነው) በየገዳሙና በየቤተክርስቲያኑ ያሉ የእጅ ጽሑፎች በማይክሮፊልም (በትንንሽ የፎቶ ፊልም) ተነስተው ከ9,000 በላይ ደርሰዋል፣ የትኛው ምን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ዛሬም መነሻው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡበት ካታሎግ ነው፣ ነፍሳቸውን ይማር።

አንድ ልጠቁማችሁ፣ ኢኤምኤምኤል ቁጥር 1832። የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል ነው፣ በ1280 ወይ በ81 (ይሄም በፈረንጅ ነው) ለገዳሙ የሰጡት። የራሳቸው ሥዕልም አለበት። ለኔ ክፍል ግን ከሥዕሉ በላይ የሠራልኝ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ነው፣ አዎ እዛው ወንጌል ላይ የተጻፈ፣ በዛን ዘመን ገዳሙ ምን ምን መጽሐፍ እንደነበረው የሚናገር። ፕሮጀክተር ላይ ዙም አድርጋችሁ ግዕዝ ትንሽ የሚሞክረውን ልጅ አስነብቡት፣ ሌላው ክፍሉ "ይሄኛውስ?" እያለ ይከተላል፣ "በመካከለኛው ዘመን ገዳማት የትምህርት ማዕከል ነበሩ" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ከዛ በኋላ ማስሸምደድ አያስፈልግም። ማይክሮፊልም ስለሆነ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ቀለም የጠበቀ ሰው ቅር ሊለው ይችላል።

አሁን ወደ ችግሩ። ገለጻው በእንግሊዝኛ ነው፣ ስሞቹም ነጥብና ሰረዝ በበዛበት የምሁራን አጻጻፍ ነው የተቀመጡት። "ሐይቅ"ን አንዱ ተማሪ በኬ ሌላው በኪው ይጽፈዋል፣ በየትኛው ይፈልግ? ቁጥሩን ካወቃችሁ በቀጥታ ነው የምትደርሱት፣ ግን ቁጥሩን ማን ይነግራችኋል፣ የምሁራን ጽሑፍ የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ነው ያለው፣ ያንን ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ከየት አባቱ ያመጣዋል። እኔ ብሆን ሌላ ሺህ ከመጨመር በፊት ሃያ ገጽ መርጬ በአማርኛ አጭር ማብራሪያ አያይዤ "ለ9ኛ ክፍል" ብዬ አወጣ ነበር። ይሄ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለኝም፣ አስተማሪ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት ለዚሁ ነው።

ከመቅደላ የተዘረፉት የእጅ ጽሑፎች ያሉበት ብሪቲሽ ላይብረሪም ዲጂታል ስብስብ አለው፣ ግን በጥቅምት 2023 ሳይበር ጥቃት ሲመታው ለወራት ጠፍቶ ነበር፣ ስለዚህ የትምህርት ዕቅዳችሁን አንድ ሳይት ላይ ብቻ አትንጠልጥሉ።

ሌላው፣ ኤችኤምኤምኤል ላይ እያንዳንዱ መዝገብ ቋሚ ሊንክ ስላለው የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍ ይቻላል፣ ተማሪዎቹን ግን አካውንቱን ቀድመው ቤታቸው እንዲከፍቱ ንገሯቸው፣ አለዚያ ክፍለ ጊዜው ፓስወርድ ሲረሱና ሲያስታውሱ ያልቃል።